ኦርጋኑን ማን ተጫወተው?

እስቲ አንድ ዘፈን እናስታውሳችሁ። «ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ዉማን»። ርዕሱን ስታነቡ ዜማው ጆሯችሁ ላይ ካልመጣ ወይ ሬዲዮ አትከፍቱም፣ ወይ ሠርግ ተጠርታችሁ አታውቁም ማለት ነው። ከእኛ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች የሚያውቁት በማይክል ቦልተን ድምፅ ነው፤ ቦልተን በ1991 ደግሞት በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ አድርጎታል። ታላላቆቻችን ደግሞ «እሱማ ምኑ ዘፈን ነው፣ ዋናው የፐርሲ ስሌጅ ነው!» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። የፐርሲ ስሌጅ የወጣው በ1966 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ጥያቄያችን። የ1966ቱን ቅጂ ከፍታችሁ የዘፋኙን ድምፅ ለአፍታ ተዉት። ከሥሩ እንደ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ቀስ እያለ የሚሄድ፣ የማይቸኩል፣ አንዱን ድምፅ ሳይለቅ ወደ ሌላው የሚወርድ ኦርጋን አለ። ያንን ኦርጋን በሐሳባችሁ ከዘፈኑ አውጡት። ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ሆነ አይደል? ታዲያ ኦርጋኑን ማን ተጫወተው?

ሰውየው ስፑነር ኦልድሃም ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ብቻችሁን አይደላችሁም። ሥራውን ግን ሰምታችኋል፤ ከአሬታ ፍራንክሊን እስከ ቦብ ዲላን፣ ከዊልሰን ፒኬት እስከ ኒል ያንግ። ጋዜጠኝነት ስንማር ዜናው ላይ ስሙ የሚወጣው የዘጋቢው እንደሆነ፣ መግቢያውን ያቃናው፣ አርዕስቱን ያወጣው፣ የተንዛዛውን የቆረጠው አዘጋጅ ግን ስሙ የትም እንደማይገኝ በደንብ ተነግሮናል። ሙዚቃ ቤትም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ሙዚቃ ላይ ስም መኖርና አለመኖር የኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የኦልድሃምን ታሪክ መጻፍ የፈለግነውም ለዚህ ነው፤ ሰውየው በሁለቱም በኩል ኖሮበታል።

የማንኪያው ልጅ

ዱዊ ሊንደን ኦልድሃም በ1943 በአሜሪካ አላባማ ግዛት ሴንተር ስታር በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። «ስፑነር» ቅጽል ስሙ ነው፤ ማንኪያ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ልጅ ሳለ ወደ መጥበሻ ሲንጠራራ ማንኪያ ዓይኑን መታውና የቀኝ ዓይኑን ብርሃን አጣ። የትምህርት ቤት ልጆች ደግ አይደሉምና ስሙ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኪያ ሆኖ ቀረ። በኋላ ሸክላዎች ላይ የወጣውም በዚሁ ስም ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ በጃዝ ባንድ ውስጥ ፒያኖ ይጫወት ነበር። ከዚያ እዚያው አቅራቢያ ፍሎረንስ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ልቡ ግን ክፍል ውስጥ አልነበረም። አካባቢው ማስል ሾልስ ይባላል። በቴነሲ ወንዝ ዳርና ዳር የተቀመጡ አራት ትናንሽ ከተሞች ናቸው፤ ፍሎረንስ፣ ሼፊልድ፣ ተስከምቢያና ራሷ ማስል ሾልስ። እዚህ ሪክ ሆል የሚባል ሰው «ፌም» የተባለ ስቱዲዮ ነበረው። ሥራው በ1959 የተጀመረው ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ፍሎረንስ ውስጥ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለ ክፍል ነው። አርተር አሌክሳንደር የተባለ የአካባቢው ጥቁር ወጣት የዘፈነው ሸክላ ሲሸጥለት ሆል ማስል ሾልስ ውስጥ የራሱን ሕንፃ ሠራ።

የፌም የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች በ1964 ገደማ የተሻለ ክፍያ ፍለጋ ወደ ናሽቪል ሲሄዱ ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። ኪቦርዱ ላይ ኦልድሃም ተቀመጠ። ድራም ላይ ሮጀር ሆኪንስ፣ ጊታር ላይ ጂሚ ጆንሰን ነበሩ። ሁሉም የአካባቢው ልጆች፣ ሁሉም ነጮች፣ ሁሉም ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው። ዛሬ «የማስል ሾልስ ድምፅ» እየተባለ የሚጻፍለት ነገር የመጣው ከእነዚህ ልጆች እጅ ነው።

ከበሩ ውጭ

ቦታውንና ዘመኑን ካላስታወስን ታሪኩ ተረት ይሆንብናል። ሰኔ 11 ቀን 1963 የአላባማው ገዢ ጆርጅ ዋላስ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች እንዳይመዘገቡ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሞ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም በርሚንግሃም ከተማ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ላይ በተጣለ ቦምብ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። በመጋቢት 1965 ሰልማ ላይ የመምረጥ መብት የጠየቁ ሰልፈኞች በፖሊስ ዱላ ተደበደቡ። ይህ ሁሉ እዚያው አላባማ ውስጥ ነው።

በዚሁ ጊዜ ፌም ውስጥ ነጭ ልጆችና ጥቁር ዘፋኞች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ዘፈን ይሠሩ ነበር። ይህን ይዘው «ሙዚቃ ዘረኝነትን አሸነፈ» ብለው የሚጽፉ አሉ። እኛ እንደዚያ ለማለት አንደፍርም። ስቱዲዮው የነጭ ነው፤ ኩባንያው የነጭ ነው፤ ቀረጻው ሲያልቅ ጥቁሩ ዘፋኝ የሚወጣው ወደዚያው ከተማ ነው። ግን ደግሞ የሆነውን አልሆነም ማለት አይቻልም። እነዚያ ልጆች በሬዲዮ ሲሰሙት ያደጉት የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው፤ ወደውት ተማሩት፤ የሚያጅቡትን ድምፅ ያከብሩ ነበር። የኦልድሃምን አጨዋወት ስትሰሙ ይህ ይገባችኋል። ዘፋኙን አይሻማም፤ ቦታ ይለቅለታል።

የ1966ቱ ኦርጋን

ፐርሲ ስሌጅ በሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት የሚሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ ከባንድ ጋር የሚዘፍን የዚያው አካባቢ ልጅ ነበር። ኩዊን አይቪ የሚባል የሬዲዮ ሰው ሼፊልድ ውስጥ «ኖራላ» የምትባል ትንሽ ስቱዲዮ ከፍቶ ነበርና ስሌጅን እዚያ ቀረጸው። ተጫዋቾቹን ከፌም አመጣ። ኦልድሃም «ፋርፊሳ» የተባለች ጣሊያን ሠራሽ ኦርጋን ላይ ተቀመጠ። ፋርፊሳ ቀላል ናት፤ ለዳንስ ባንድ የምትሆን፣ ድምፅዋ ቀጭንና ስለታም። ኦልድሃም ግን የካቴድራል ኦርጋን እስክትመስል ድረስ ተጫወተባት።

ዘፈኑ በ1966 በአሜሪካ አጠቃላይ ሰንጠረዥም በሪትም ኤንድ ብሉስ ሰንጠረዥም አንደኛ ወጣ። የአከፋፋዩ የአትላንቲክ ኩባንያ የመጀመሪያው የወርቅ ሸክላ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሸክላው ላይ የተጻፉትን የደራሲ ስሞች እንመልከት። ካልቪን ሉዊስና አንድሩ ራይት ይላል። የስሌጅ የባንድ ጓደኞች ናቸው። ስሌጅ በኋላ እንደተናገረው ዘፈኑ መነሻው የእሱ ነበር፤ ግን ስሙን ለጓደኞቹ ተወላቸው። ኦልድሃምም ደራሲ ተብሎ አልተመዘገበም። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ዘፈኑን ያሳወቁት ሁለቱ ድምፆች፣ ጉሮሮውና ኦርጋኑ፣ የሁለቱም ባለቤቶች ከደራሲነት ገንዘቡ ውጭ ናቸው። ቦልተን በ1991 ዘፈኑን አንደኛ ሲያደርገው የደራሲ ክፍያ የሄደው ስማቸው ወረቀት ላይ ላሉት ነው።

ሁለት ዓይነት ገንዘብ

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እናስረዳ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዘፈን ሲቀረጽ ሁለት ንብረት ይወለዳል። አንደኛው ዘፈኑ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፤ በዚያን ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀዳው ድምፅ። ግጥምና ዜማ የደረሰ ሰው ሸክላው በተሸጠ፣ ሬዲዮ ባሰማው፣ ሌላ ዘፋኝ በደገመው ቁጥር ይከፈለዋል። ስቱዲዮ ገብቶ መሣሪያ የተጫወተው ግን የቀረጻውን ሒሳብ ተቀብሎ ይወጣል። አለቀ። ዘፈኑ አንድ ሚሊዮን ቢሸጥም፣ ሳይሸጥ ቢቀርም ለእሱ ያው ነው።

ይባስ ብሎ በአሜሪካ የተለመደው የሬዲዮ ጣቢያ ለአሠርት ዓመታት ለደራሲውና ለአሳታሚው እንጂ ለዘፋኙም ለተጫዋቹም ሳይከፍል ኖሯል። በ1995 በወጣ ሕግ በዲጂታል መንገድ ለሚሰማ ሬዲዮ ክፍያ ሲመጣ ክፍፍሉ እንዲህ ተደረገ፤ 50 በመቶ ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶ ለዋናው አርቲስት፣ 5 በመቶ ለአጃቢዎች። አምስቱም ለሁለት ይከፈላል፤ 2.5 ለመሣሪያ ተጫዋቾች፣ 2.5 ለተቀባይ ድምፃውያን። ከ1972 በፊት የተቀዱት ዘፈኖች፣ ማለትም የኦልድሃም ታላላቅ ሥራዎች በሙሉ፣ በፌዴራል ሕግ በዚህ ክፍያ ውስጥ የገቡት በ2018 ነው። ከ1966 እስከ 2018 ስንት ዓመት እንደሆነ እናንተው ቁጠሩት።

ኦልድሃም ግን ተጫዋች ብቻ አልነበረም፤ ደራሲም ነበር። ፌም ውስጥ ዳን ፔን ከሚባል የአላባማ ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ፔን በ1941 የተወለደ፣ እንደ ጥቁር ዘፋኞች መዝፈን የሚችል ነጭ ነበር። ቀን ስቱዲዮው ሥራ ላይ ስለሚሆን ሁለቱ ሌሊት ሌሊት እየተቀመጡ ይጽፉ ጀመር። በ1966 ጄምስና ቦቢ ፑሪፋይ የተባሉ ጥቁር ጥንድ ዘፋኞች የሁለቱን «አይም ዩር ፓፔት» ፌም ውስጥ ቀረጹትና በአሜሪካ ሰንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ደረሰ። በ1976 እንደገና ተቀርጾ በእንግሊዝ 12ኛ ሆነ። በ1993 ኤልተን ጆን ከፖል ያንግ ጋር ዘፈነው። በእያንዳንዱ ጊዜ የደራሲዎቹ ስም አብሮ ሄዷል፤ ገንዘቡም እንዲሁ።

አያችሁት? በዚያው ዓመት፣ ያው ሰው፣ እዚያው ወንዝ ዳር። አንዱ ዘፈን ላይ ያስቀመጠው ኦርጋን በዓለም የታወቀ ነው፤ የተከፈለው የቀረጻ ሒሳብ ነው። ሌላው ዘፈን ላይ በወረቀት የሠፈረው ስሙ እስከ እርጅናው ይከተለዋል። በጣቶቹ ችሎታ መካከል ያለ ልዩነት አይደለም፤ በወረቀቱ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የአሬታ ቀን

ጥር 24 ቀን 1967 አሬታ ፍራንክሊን ፌም ስቱዲዮ ገባች። ዕድሜዋ 24 ነበር። ከዚያ በፊት ኮሎምቢያ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ለዓመታት ዘፍና የሚገባትን ያህል አልታወቀችም። የአትላንቲኩ ጄሪ ዌክስለር አስፈርሟት ወደ አላባማ አመጣት። የመጀመሪያው ዘፈን «አይ ኔቨር ላቭድ ኤ ማን» ነበር። አሬታ ፒያኖው ላይ ተቀመጠች፤ ተጫዋቾቹ ግን ዘፈኑን ከየት እንደሚይዙት ጠፋቸው። በዚያን ቀን የነበሩት ሰዎች በ2013 በወጣው «ማስል ሾልስ» የተሰኘ ጥናታዊ ፊልም ላይ ይህን ራሳቸው ይተርኩታል። ክፍሉ ዝም ብሎ ሳለ ኦልድሃም ዉርሊትዘር በተባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ ላይ አንድ አጭር፣ የሚንፏቀቅ፣ እየቆመ የሚሄድ ነገር ነካካ። «እሱ ነው! ያዘው!» ተባለ። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ብዙ አልፈጀም።

ዘፈኑን ክፈቱት። ከአሬታ በፊት የምትሰሙት ያ ነው። ነጠላ ዜማው በሪትም ኤንድ ብሉስ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በአጠቃላዩ 9ኛ ወጣ፤ አሬታን አሬታ ያደረጋት ሸክላ እሱ ነው። ደራሲው ሮኒ ሻነን ነው፤ ያ የመግቢያ ሐረግ ግን በማንም ስም አልተመዘገበም።

ቀኑ ግን በሰላም አልተጠናቀቀም። መጠጥ ነበር። በአሬታ ባለቤትና በአንድ ነጭ ትራምፔት ነፊ መካከል ጠብ ተነሣ፤ ሪክ ሆል ላስታርቅ ብሎ ማታ ሆቴላቸው ሄዶ ነገሩን አባባሰው። ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ አሬታ ሄደች፤ ለአንድ ሳምንት የታሰበው ሥራ በአንድ ቀን ተበተነ። «ከበሩ ውጭ» ብለን ከላይ የጻፍነው ነገር በሩን ከፍቶ መግባቱ ነበር።

ዌክስለር ግን ድምፁን አልለቀቀም። ተጫዋቾቹን ወደ ኒውዮርክ አስመጣቸው። የካቲት 14 ቀን 1967 «ሪስፔክት» ተቀረጸ፤ ኦልድሃም ሃሞንድ ኦርጋን ላይ ነበር። ከኦቲስ ሬዲንግ የተወሰደው ያ ዘፈን የጥቁሮችና የሴቶች ትግል መዝሙር እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ መዝሙር ውስጥ ከአላባማ መንደር የመጣ አንድ ዓይን ያለው ዝምተኛ ልጅ እጅ አለበት።

ሜምፊስ

በ1967 ኦልድሃም ጓደኛው ዳን ፔንን ተከትሎ ወደ ሜምፊስ ሄደ፤ ቺፕስ ሞማን ወደ ተባለ ሰው «አሜሪካን» ስቱዲዮ። በፌም ወንበሩ ላይ ባሪ ቤኬት ተተካ። እዚህ ላይ አንድ የዕጣ ነገር አለ። ቤኬት፣ ሆኪንስ፣ ጆንሰንና ባሲስቱ ዴቪድ ሁድ በ1969 ከሪክ ሆል ተለይተው የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፈቱ፤ «ስዋምፐርስ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው፤ በ1974 ሊነርድ ስኪነርድ የተባለው የሮክ ባንድ ስለ አላባማ በዘፈነው ታዋቂ ዘፈን ውስጥ ተጠቀሱ። የስቱዲዮ ተጫዋቾች በመጨረሻ ስም አገኙ! ኦልድሃም ግን ከሄደ ቆይቷል።

ሜምፊስ ውስጥ ከፔን ጋር የጻፉት በዛ። «ስዊት ኢንስፒሬሽን» የተባለውን ዘፈን ለአራት ሴቶች ቡድን ሰጡ፤ ቡድኑም ስሙ «ስዊት ኢንስፒሬሽንስ» ነው፤ ከመካከላቸው መሪዋ ሲሲ ሂውስተን ናት፣ የዊትኒ ሂውስተን እናት። ሌላው «ክራይ ላይክ ኤ ቤቢ» ነው። ቦክስ ቶፕስ የተባለው ባንድ «ዘ ሌተር» በተባለው ዘፈን አንደኛ ወጥቶ ስለነበር ተከታይ ዘፈን ይፈለግ ነበር። ሁለቱ ሌሊቱን ሙሉ ሞክረው ምንም አልመጣ አለ። ሲነጋ ተስፋ ቆርጠው ቁርስ ሊበሉ ወጡ። ኦልድሃም ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን ላለቅስ ምንም አልቀረኝም አለ። ፔን ከወንበሩ ተነሣ፤ ርዕሱ ተገኘ፤ ሮጠው ተመለሱ። ዘፈኑ በ1968 የጸደይ ወራት በሰንጠረዡ ሁለተኛ ደረሰ። ሁለቱም ይህን ታሪክ ደጋግመው አውርተውታል፤ እኛም በሰማነው ቁጥር ያስቀናናል። እኛ ሌሊት ቁጭ ብለን ጽፈን ሳይመጣልን ሲነጋ የምናገኘው ራስ ምታት ብቻ ነው።

በዚያው ጸደይ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ እዚያው ሜምፊስ ውስጥ ተገደሉ። ከዚያ ቀን በኋላ በደቡብ አሜሪካ ስቱዲዮዎች ነጭና ጥቁር ሙዚቀኞች እንደ ድሮው መቀመጥ ከበዳቸው። የሶል ዘመን በአንድ ቀን አልሞተም፤ ግን መንፈሱ ተሰበረ።

ወደ ሮክ

ኦልድሃም ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገረ። ከፔን ጋር የጻፉትን «ኤ ዉማን ሌፍት ሎንሊ» ጃኒስ ጆፕሊን ቀረጸችው፤ በ1971 «ፐርል» በተባለው አልበሟ ላይ ሲወጣ ግን እሷ ካረፈች ወራት አልፈው ነበር። ኦልድሃም በ1972 «ፖት ላክ» የሚል የራሱን አልበም አወጣ። ብዙ ሰው ልብ አላለውም፤ እንደገና የታተመው በ2015 ነው። አርባ ሦስት ዓመት!

ከዚያ በኋላ ሥራው ከሮክ ሰዎች ጋር ሆነ። ከኒል ያንግ ጋር በ1978 «ካምስ ኤ ታይም»፣ በ1992 «ሃርቨስት ሙን»፣ በ2005 «ፕሬሪ ዊንድ» ላይ አለ። ቦብ ዲላን በ1979 ክርስትናን ተቀብሎ የድሮ ዘፈኖቹን ትቶ መንፈሳዊ ብቻ እየዘፈነ ሲዞር፣ ታዳሚው ሲያጉረመርም ኪቦርዱ ላይ የነበረው ኦልድሃም ነው። በየካቲት 1980 ዲላን «ሴቭድ» የተሰኘውን አልበም የቀረጸው የት መሰላችሁ? ማስል ሾልስ አካባቢ፣ ስዋምፐርሶቹ ስቱዲዮ ውስጥ። ከሁለቱ ፕሮዲዩሰሮች አንዱ ባሪ ቤኬት ነበር፤ የኦልድሃምን ወንበር የወረሰው ሰው። ኦልድሃም ትቷት በወጣት ከተማ በእንግድነት ተቀምጦ ተጫወተ።

እኛ በጣም የወደድነው ግን በ1999 የወጣውን ነው። ፔንና ኦልድሃም ሁለቱ ብቻ፣ አንድ ጊታርና አንድ ዉርሊትዘር ይዘው በእንግሊዝና በአየርላንድ መድረኮች ላይ የራሳቸውን ዘፈኖች ተጫወቱ፤ «ሞመንትስ ፍሮም ዚስ ቲያትር» ተብሎ አልበም ሆነ። ሌሎች ሰዎች ያገነኗቸውን ዘፈኖች ደራሲዎቹ ራሳቸው ቀስ ብለው፣ ሳይጮኹ ሲዘፍኗቸው ትሰማላችሁ። ጭብጨባው ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእነሱ ነው።

ታዲያ ድምፅ የማን ነው?

የ1967ቱን «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» የምታውቁ አላችሁ? ያም የታወቀው በኦርጋኑ ነው። ኦርጋኑን የተጫወተው የባንዱ አባል ማቲው ፊሸር በደራሲነት አልተመዘገበም ነበር። በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ክስ መሠረተ፤ በ2006 ፍርድ ቤት 40 በመቶ የዜማው ድርሻ ፈረደለት፤ በ2008 ይግባኝ ሰሚው ገንዘቡን ከለከለው፤ በ2009 የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በሙሉ ድምፅ መለሱለት። ክፍያው ግን ክሱን ካቀረበበት ጊዜ ወዲህ ላለው ብቻ ነው። ዘፈኑ ከወጣ 42 ዓመት ሆኖት ነበር። እንግዲህ ሕግም ዘግይቶ ቢሆን «ኦርጋኑም ድርሰት ሊሆን ይችላል» ብሏል።

በዚያው በ2009 ኦልድሃም ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገባ። የገባው «አጃቢ» በሚለው ዘርፍ ነው። ዘርፉ ራሱ የተጀመረው በ2000 ነው፤ አዳራሹ ሰዎችን ማክበር ከጀመረ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የዚህ ሙዚቃ ንፋስ እኛም ዘንድ ደርሷል። በእነዚያው ዓመታት አሥመራ በነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና በሸክላ አማካይነት ሶልና ሮክ ወደ አዲስ አበባ ባንዶች ገብቷል፤ ዓለማየሁ እሸቴ ለኤልቪስና ለጄምስ ብራውን የነበረውን ፍቅር የማያውቅ የለም። የዘመኑን ዘፋኞች ስም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ብዙ ዘፈኖቻቸውን ያቀናበረውን ግርማ በየነን ግን ከእኛ ዕድሜ ስንቱ ያውቀዋል? አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የሠራው አልበም በ«ኢትዮጲክስ» ተከታታይ 30ኛ ሆኖ የወጣው በ2017 ነው። ዘገየን፤ ግን ደረስን።

ዘፋኙን ዝቅ እናድርግ እያልን አይደለም። ያለ ፐርሲ ስሌጅ ጉሮሮ ያ ኦርጋን ብቻውን የትም አይደርስም፤ አሬታማ አሬታ ናት። እያልን ያለነው፣ አንድን ሥራ ሁለት ሦስት ሰው ሠርቶት የአንዱ ስም ብቻ ሲጻፍ የሌላው እጅ ከታሪክም ከኪስም እንደሚወጣ ነው። ኦልድሃም ዕድለኛ ነው፤ ዘፈን መጻፍ ይችል ስለነበር በሌላው በኩል ስሙን አስገባ። ስቱዲዮ ውስጥ መግቢያውን፣ መሸጋገሪያውን፣ ያን እኛ ሳናውቀው የምናንጎራጉረውን ነገር ፈልገው አግኝተው፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው የሄዱ፣ ዘፈን ያልጻፉ ግን ስንት አሉ?

ዛሬ ካሴት የለም፤ ሽፋኑን ገልብጦ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የሚለውን የማንበብ ልማድም አብሮ እየጠፋ ነው። ስልካችን የሚያሳየን የዘፋኙን ፎቶና የዘፈኑን ርዕስ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ዛሬ ማታ የምትወዱትን ዘፈን ስትከፍቱ፣ ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ያለችውን ያቺን አጭር መግቢያ ስሙ፤ ከዚያም ማን እንደተጫወታት ፈልጉ። ካገኛችሁ ስሙን ከሥር ጻፉልን። እኛም እንድናውቀው።